የተውሒድ ዜማ ከኮንያ እስከ ይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ከኋላው ትቶ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ በቀኙ ወደ አፋር ሜዳ የሚያዘነብለውን የአርጎባ ኮረብታ፣ በግራው የመንዝንና የግሼን የደጋ ግድግዳ እያየ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን ተራ በተራ ያልፋል። ይህ አገር በቀድሞ ስሙ ይፋት ነው። የደጋው ገብስና የቆላው ማሽላ፣ የአፋሩ ግመልና የአርጎባው ሸማ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ላይ እንደሚገናኙ ሁሉ፣ በዚሁ ምድር የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን በአንድ ንጋት ይሰማሉ። ሐሙስ ማታ፣ የጁምዓ ዋዜማ ሲሆን ደግሞ፣ ከአጣዬ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ ሐድራ የተባለው የጸሎትና የዜማ ጉባኤ ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ የድቤ ድምፅ ተከትሎ የሚመጣ ረጅም የአማርኛ ግጥም እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ድረስ ሲዜም ይሰማል። ስሙ መንዙማ ነው።

መንዙማን የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ከዐፄ ዓምደ ጽዮን የወታደር ግጥም ተነሥተው፣ በቤተ ክህነቱ ቅኔ አልፈው፣ ወደ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ወደ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሲደርሱ፣ በመካከሉ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈውን የአማርኛ መንፈሳዊ ግጥም ሁሉ ሳያዩት አልፈዋል። እኔ ይህን መተላለፍ እንደ ታላቅ ጉድለት አየዋለሁ። ምክንያቱም በዚያ ግጥም ውስጥ ስለ ፈጣሪ አንድነትና ስለ ኅላዌ ምሥጢር የተነገረው ነገር፣ በቱርክ አገር በዩኑስ ኤምሬና በኒያዚ ምስሪ አፍ ከተነገረው ጋር ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነውና። ከዚህ በታች ያለው ትረካ ምንጩ ከየት ተነሥቶ በምን መንገድ ይፋትና ወሎ እንደ ደረሰ በዘመናት ተራ ያሳያል። ዓመታቱን የማስቀምጠው፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በምሥራቅ ሳይሆን በምዕራብ ዳርቻ፣ በእንዳሉስ ነው። ሙሕዪዲን ኢብን ዐረቢ በ1165 ዓ.ም. ሙርሲያ በምትባል የስጳንያ ከተማ ተወለደ፤ ከዚያም በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በመካና በአናቶሊያ ዞሮ በ1240 በደማስቆ ዐረፈ። ከእርሱ በፊትም በ922 በባግዳድ የተገደለው ሐላጅ፣ በተመስጦ ብዛት ራሱን ረስቶ ከፈጣሪው በቀር ማንንም እንደማያይ በመናገሩ ደሙ ፈስሷል። ሐላጅ በአንድ ጩኸት የተናገረውን ግን በትምህርት መልክ አደራጅቶ፣ ከመሠረት እስከ ጉልላት የገነባው ኢብን ዐረቢ ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ኅላዌ በእውነተኛው ትርጉሙ የአንዱ የአላህ ብቻ ነው፤ ፍጥረታት በገዛ ባሕርያቸው የሚኖሩ አይደሉም፤ ኑሯቸው ሁሉ ከእርሱ የተዋሱት ነው፤ እያንዳንዱም ፍጡር ከመለኮታዊ ስሞች የአንዱ መገለጫ መስታወት ነው፤ ስሞቹ ሁሉ በአንድነት የሚገለጹበት መስታወት ደግሞ ፍጹሙ ሰው፣ ይኸውም በመጀመሪያ ነቢዩ ሙሐመድ ናቸው።

እንዲህ ያለው አሳብ በጥንቃቄ ካልተያዘ ፈጣሪንና ፍጡርን ወደ መቀላቀል የሚያደርስ መስሎ ስለ ታያቸው ብዙ ፉቀሃእ፣ ማለትም የሕግ ሊቃውንት፣ ተቃውመውታል፤ በ1328 የሞተው ኢብን ተይሚያ ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ የበረታው ነው። ከዘመናት በኋላም በህንድ አህመድ ሲርሂንዲ፣ አንድነቱ በተመልካቹ ዓይን እንጂ በነገሩ ኅላዌ አይደለም ብሎ መካከለኛ መንገድ ለመፈለግ ሞክሯል። ሁሉ እርሱ ነው በሚሉና ሁሉ ከእርሱ ነው በሚሉ ሊቃውንት መካከል ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ አንባቢም ይህን ልዩነት ቢይዝልኝ ወደ ይፋት ስንደርስ ይጠቅመዋል።

ኢብን ዐረቢ በአናቶሊያ በቆየበት ጊዜ ያሳደገው ሰድረዲን አልቁነዊ የመምህሩን ትምህርት በኮንያ ከተማ ተከለ፤ በ1274ም በዚያው ሞተ። በዚያችው ከተማ፣ በባልኽ ወገን የተወለደውና ከሞንጎሎች ሽሽት ጋር ወደ ምዕራብ የመጣው ጀላለዲን ሩሚ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ዐርፎ ነበር። ሩሚ በፋርስ ቋንቋ ጻፈ፤ ቁነዊ በዐረብኛ ጻፈ። ለአናቶሊያ ገበሬና እረኛ ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ሩቅ ነበሩ። በ1320 ገደማ የሞተው ዩኑስ ኤምሬ ይህን ርቀት አፈረሰው። የሊቃውንቱን የአንድነት ምሥጢር ወስዶ፣ እናት ለልጇ በምትናገርበት በተራው ቱርክኛ፣ በአጭር ስንኝና በሕዝብ ዜማ ዘመረው። የቱርክ ቅኔ አባት ተብሎ የሚከበረው በጥበቡ ረቂቅነት ብቻ አይደለም፤ ታላቁን ነገር በትሑት ቋንቋ ለመናገር በመድፈሩ ነው።

ዩኑስ ኤምሬ በአናቶሊያ መንደሮች በሚዘምርበት በዚያው ትውልድ፣ በ1285፣ ዑመር ወላስማዕ ያቆመው ሥርወ መንግሥት የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣንነት አጥፍቶ ይፋትን የእስላም መንግሥታት ዋና አደረጋት። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በአስበሪና በኖራ የሚታየው የድንጋይ መስጊድና የከተማ ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። የግብፁ ጸሐፊ አልዑመሪ በ14ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ስለ ይፋት ሲጽፍ፣ ሕዝቡ በአብዛኛው የሻፊዒን መዝሀብ የሚከተል መሆኑን፣ እንዲሁም ቅጠሉ የሚበላ፣ እንቅልፍ የሚያባርርና አእምሮ የሚያነቃ ጫት የሚባል ዛፍ መኖሩን መዝግቧል። ስለ ዐፄ ዓምደ ጽዮን የ1332 ዘመቻ የተጻፈው የግእዝ ዜና መዋዕልም የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ያወሳል። ሁለት ባላንጣ ወገኖች፣ አንዱ በካይሮ በዐረብኛ፣ ሌላው በንጉሡ ድንኳን በግእዝ፣ ይህችን አንዲት ቅጠል የይፋት እስላሞች ምልክት አድርገው ማየታቸው ያስደንቃል፤ ምክንያቱም ዛሬም በሐድራው መካከል የምትቀመጠው እርሷው ናት።

በዐፄ ዓምደ ጽዮንና በልጆቻቸው ዘመን ይፋት ተዳከመች። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሱልጣን ሰዓደዲን በዘይላ ደሴት ሲገደሉ ልጆቻቸው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ የመን፣ ወደ ረሱሊዎቹ ንጉሥ ተጠጉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ስደት የሚያወሱት ኋላ ለተነሣው ለአዳል መንግሥት መግቢያ እንዲሆን ብቻ ነው። እኔ ግን ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የረሱሊዎቹ የመን በዚያ ሰዓት የኢብን ዐረቢን ትምህርት እጅግ የሚከራከሩበትና የሚወዱበት አገር ነበረች፤ የዚያም ትምህርት ዋና መሪ በትውልዱ ከእኛው ወገን የሆነ ሰው ነበር።

ሼህ ኢስማዒል አልጀበርቲ ይባላሉ። ጀበርቲ የሚለው መጠሪያ አባቶቻቸው ከይፋትና ከዘይላ ጀርባ ካለው ምድር፣ ጀበርት ከሚባለው አገር የመጡ መሆናቸውን ይመሰክራል። በዘቢድ ከተማ ኖረው፣ በዚክርና በመንፈሳዊ ዜማ ጉባኤያቸው የታወቁ፣ በነገሥታቱም ዘንድ የተፈሩና የተከበሩ ሆነው፣ በ1403 ዐረፉ። ደቀ መዛሙርቶቻቸው የኢብን ዐረቢን መጻሕፍት እንዲያነቡ ያበረታቱ ነበርና፣ የከተማው ፉቀሃእ ለብዙ ዘመን ከእርሳቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ተሟግተዋል። ከእነዚያ ደቀ መዛሙርት አንዱ ከኢራቅ የመጣው ዐብዱልከሪም አልጂሊ ነበር። አልጂሊ በኋላ የጻፈው አል ኢንሳን አል ካሚል የተባለው መጽሐፍ ስለ ፍጹሙ ሰው ከተጻፉት ሁሉ የላቀ ሆኖ፣ በኦቶማን ቱርክ አገርም በሱፊ ቤቶች ሲነበብ ኖሯል። ስለዚህ የኢብን ዐረቢ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያውያን የደረሰው በኋለኛው ዘመን ብቻ ነው፣ እኛም ተቀባዮች እንጂ ሰጪዎች አልነበርንም የሚል ሰው፣ የዘቢዱን ጀበርቲ ረስቷል። ቱርኮቹ ካነበቡት ታላቅ መጽሐፍ ጀርባ የተቀመጠው መምህር የሐበሻ ዘር ነው።

በዚያው ዘመን በቡርሳ፣ ሱለይማን ቸለቢ በ1409 ስለ ነቢዩ ልደት በቱርክኛ የጻፈው ታላቅ ግጥም ተፈጸመ። የግጥሙ እምብርት የብርሃን ታሪክ ነው። አላህ ከሁሉ በፊት የነቢዩን ኑር እንደ ፈጠረ፣ ያ ኑር ከአደም ግንባር ተነሥቶ ከነቢይ ወደ ነቢይ እየተላለፈ በመጨረሻ ባለቤቱን እንዳገኘ ይተርካል። ቱርኮች ይህን ግጥም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በመውሊድ፣ በልደትና በሐዘን ቤት ያነቡታል። በቸለቢ ዘመንና ከእርሱ በኋላ የተነሡት ባለቅኔዎች መንገዳቸው እየረቀቀም እየከበደም ሄደ። ነሲሚ በሰው ፊት ላይ መለኮታዊ ጽሕፈት አያለሁ በማለቱ በ1417 ገደማ በሐለብ ቆዳው ተገፎ ተገደለ። በኢራቅ የኖረውና በ1556 የሞተው ፉዙሊ የመጅኑንና የለይላን ታሪክ ሲጽፍ፣ ወዳዱ ከውበቷ አልፎ የውበትን ምንጭ እስከሚያገኝ፣ በመጨረሻም ራሷ ለይላ ስትመጣ እስከማያውቃት ድረስ አደረሰው። ወይን፣ ጽዋ፣ የተወዳጇ ፀጉርና መጠጥ ቤት የሚሉት ቃላት በዚህ ቅኔ ውስጥ ወርቃቸው ሌላ መሆኑን፣ በሰምና ወርቅ ላደገ የአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

በእኛ አገር ታሪክ የ16ኛው መቶ ዓመት ቱርክ የሚታወቀው በጠመንጃው ነው። ለኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም የዘመቱ ነፍጠኞች ቱርኮች ነበሩባቸው፤ በ1557ም ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ። የቅኔው መንገድ ግን በምጽዋ አልመጣም፤ ረጅምና ጠመዝማዛ ነበረ፤ የሄደውም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት ኸልወቲያ የሚባለው ጠሪቃ፣ ስሙም እንደሚያመለክተው ብሕትውናን ዋና ሥራው ያደረገው መንገድ፣ በኦቶማን ግዛት ከፍ ብሎ ነበር። በማላትያ በ1618 የተወለደውና በካይሮ አልአዝሀር የተማረው ኒያዚ ምስሪ የዚህ ጠሪቃ ልጅ ነው። ስለ ኅላዌ አንድነት የጻፋቸው የቱርክኛ ግጥሞቹ ከዩኑስ ኤምሬ በኋላ እንደ እርሱ በሕዝብ አፍ የገባ የለም እስኪባል ድረስ ተወደዱ፤ ቃሉ ግን ቤተ መንግሥቱን ስላስፈራ ወደ ሌምኖስ ደሴት ተጋዘ፤ በ1694ም በዚያው ሞተ። በዚያ ደሴት ግዞትን የቀመሰ ሌላም የኸልወቲያ መምህር ነበር፤ ቀራባሽ ዓሊ ወሊ ይባላል፤ የኢብን ዐረቢን መጽሐፍም የተረጎመ ሊቅ ነው። ከቀራባሽ ዓሊ የመንፈስ ልጆች የወረደው ፈቃድ በሐለብ በኩል አልፎ ደማስቆ ላይ ሙስጠፋ አልበክሪን አገኘ። አልበክሪ በ1749 በካይሮ ሞተ፤ ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ የመዲናው ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልከሪም አስሰማን ነበር። አስሰማን የኸልወቲያን ትምህርት ከቃዲሪያ ጠሪቃ ጋር አዋህዶ፣ የነቢዩን ኑር ማሰላሰልን የመንገዱ ልብ አድርጎ፣ በስሙ ሰማኒያ የተባለውን ጠሪቃ መሥርቶ በ1775 ዐረፈ። ወደ መዲና ሄዶ ከእርሱ የተማረው አህመድ አጥጠዪብ ኢብን አልበሺር ጠሪቃውን ወደ ሱዳን አስገባ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1824 ድረስም አስፋፋው። ከሱዳን ወደ ወሎ የቀረው የጥቂት ሳምንት መንገድ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ሰማኒያ ወሎ ገባ።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ቢቆጥሩት፣ በወሎ መንደር በሰማኒያ ዚክር የሚቀመጥ ሙሪድ፣ ማለትም ደቀ መዝሙር፣ በሱዳኑ ሼህ፣ በመዲናው አስሰማን፣ በደማስቆው አልበክሪና በሐለቡ መምህር አልፎ፣ ኒያዚ ምስሪ በተጋዘበት ደሴት ከተጋዘው ከአናቶሊያው ቀራባሽ ዓሊ ይደርሳል። የይፋትና የወሎ መንዙማ የቱርክ ቅኔ ትርጉም ነው ማለቴ ግን አይደለም። የወሎ ሼሆች ቱርክኛ አያነቡም ነበር፤ ማንበብም አላስፈለጋቸውም። አንድ አባት የወለዳቸው ሁለት ወንድማማቾች በሁለት አገር አድገው በሁለት ቋንቋ ቢናገሩ፣ የፊታቸው መመሳሰል ከመኮራረጅ የመጣ አይሆንም።

ሰማኒያ ከመድረሱ በፊት መሬቱ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1166 በባግዳድ ያረፉት የዐብዱልቃዲር ጀይላኒ መንገድ፣ ቃዲሪያ፣ በሐረር በኩል ከብዙ ዘመን በፊት ገብቶ፣ ስማቸው በየቡናው ረከቦት ዙሪያ የሚጠራ እስኪሆን ድረስ በሕዝቡ ልብ ሰፍሯል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በደቡብ ወሎ ጀማ ንጉሥ የተነሡት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ይህን መንገድ ይዘው ደረሳ፣ ማለትም ተማሪ፣ ሰብስበው አስተማሩ፤ የነቢዩንም መውሊድ ሺህ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ታላቅ በዓል አደረጉት። ያረፉት በ1806 ወይም በ1807 ነው። ከዚያ ሰባትና ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1799፣ በኢስታንቡል የገላታው የሩሚ ተከታዮች ቤት አለቃ የነበረው ሼህ ጋሊብ፣ ውበትና ፍቅር የተባለውን ታላቅ ግጥሙን ትቶ ሞቷል። የቱርክ ሊቃውንት ጋሊብን የዚያ ቅኔ የመጨረሻ ታላቅ ድምፅ ይሉታል። በዚያ አንዱ መብራት ዘይቱ ሊያልቅ ሲል፣ በዚህ ሌላው መብራት ገና መለኮሱ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የትምህርት ቦታዎቹ በዙ። በቃሉ ጌታ ላይ በ1863 ያረፉት ሐጂ ቡሽራ፣ በየጁ ዳና ላይ በ1903 ያረፉት ሼህ አህመድ ኢብን አደም፣ በራያ አና ላይ ሼህ ጀማሉዲን፣ እያንዳንዳቸው ከሩቅ አገር ደረሳ የሚመጣበት ጉባኤ ዘረጉ። ከአጣዬ በስተሰሜን፣ ከከሚሴ ወዲያ፣ በተራራ ጫፍ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የተሠራችው የአርጎባ መንደር ሾንኬም በሼህ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ገነነች። ከእነዚህ ሊቃውንት ብዙዎቹ ለሊቅ ሲጽፉ በዐረብኛ ይጽፉ ነበር። የዩኑስ ኤምሬ ሥራ በእኛ አገር የተደገመው ግን ለሕዝቡ በአማርኛ መግጠም በጀመሩ ጊዜ ነው። ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው አማርኛ የሆነው ይህ ጽሕፈት ዐጀሚ ይባላል።

የዐጀሚ መንዙማ ቅጠል በእጅ ይዞ ያየ ሰው የጻፊውን ድካም ያስተውላል። ወረቀቱ በጭስና በእጅ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ቀለሙ ጥቁር፣ የነቢዩ ስም ያለበት ደግሞ አንዳንዴ ቀይ ነው። የዐረብ ፊደል ጨን፣ ኘን፣ ጰን የሚጽፍበት ምልክት የለውምና ጻፊው አንዳንዱን ነጥብ ጨምሮ፣ አንዳንዱን በድምፅ በሚቀርበው ፊደል ተክቶ ያልፈዋል፤ አንባቢው ቃሉን የሚያውቀው አስቀድሞ በጆሮው ስለ ሰማው ነው። ስንኙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቤት ይመታል፤ መቶና ሁለት መቶ ስንኝ በአንዲት ፊደል ላይ ያለ ድካም ሲያርፍ የቋንቋው ሀብት ምን ያህል እንደ ሆነ ይታያል። ሌላ ማስረጃ የማያስፈልገው የአማርኛ ችሎታ ነው።

በሐድራው ደግሞ ያ ቅጠል ነፍስ ይዘራል። ከመጝሪብ በኋላ ሰዎቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ጫቱ ወደ መካከል ቀርቦ ዱዓ ሳይደረግበት ማንም አይቀነጥስም። ቡናው በአቦል ጀምሮ በቶና አልፎ በረካ እስኪደርስ ድረስ የሚወራው የአገር ጉዳይ፣ የታመመ ሰውና የዝናብ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱም አሚን ይባላል። ከዚያ መሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአላህን ስም በማመስገን ይጀምራል፤ ተቀባዮቹ አዝማቹን ያነሣሉ፤ ድቤው መጀመሪያ በቀስታ፣ በኋላ በፍጥነት ይመታል። በቱርክ አገር የሩሚ ልጆች በዋሽንት የሚፈጽሙትን የይፋት ሰው በከበሮ ይፈጽመዋል። ዜማው ሲሞቅ ከተቀመጡት አንዱ እንባው ይወርዳል፣ ሌላው በቦታው ይወዛወዛል፤ ሽማግሌዎቹ ይህን ሁኔታ ያውቁታልና ዝም ብለው ይተዉታል።

መንዙማው በምን ይናገራል? በሦስት ነገር፣ በአላህ ምስጋና፣ በነቢዩ ፍቅርና በወሊዎች ውዳሴ። የአላህን አንድነት በሚናገርበት ቦታ የወሎና የይፋት ባለ ቅኔ ከነሲሚ ይልቅ ጥንቁቅ ነው። ሁሉ እርሱ ነው ከማለት ይልቅ ሁሉ ከእርሱ ነው፣ ሁሉም ወደ እርሱ ይመለሳል ማለትን ይመርጣል፤ ፈጣሪ ፈጣሪ፣ ባሪያም ባሪያ ሆኖ ይቆያል። ወደ ነቢዩ ኑር ሲደርስ ግን ልጓሙን ይለቀዋል። ሰማይና ምድር፣ አርሽና ቀለም፣ ጨረቃና ነቢያት ሁሉ ከዚያ ከመጀመሪያው ብርሃን እንደ ተፈጠሩ፣ ዓለሙ ሁሉ በእርሱ ምክንያት እንደ ቆመ ሲዘምር፣ በ1409 በቡርሳ የተዘመረውንና አልጂሊ በዘቢድ ከጀበርቲው ሥር ተቀምጦ የተማረውን ይዘምራል። በእኔ ፍርድ የመንዙማ ታላቅነት በዚህ ላይ ነው፤ የኢብን ዐረቢን ከባድ ትምህርት ከክርክሩ እሾህ ለይቶ፣ በፍቅር በኩል ብቻ ወደ ገበሬው ቤት አስገብቶታል።

ይህ ቅኔ በሰላም ዘመን ብቻ አልኖረም። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ ባዘዙ ጊዜ፣ ከወሎ መሪዎች ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ ኢማም አመዴም ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ። ብዙ ሼሆች ግን ወደ ቆላውና ወደ ምሥራቁ ገደል ተሰደዱ፤ መጻሕፍት ተቀበሩ፤ ደረሳዎች ተበተኑ። ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች አንዱ ሼህ ጠልሃ ኢብን ጀዕፈር ሰይፍም ብዕርም የያዙ ሰው ነበሩ፤ የአማርኛ መንዙማቸው እስከ ዛሬ ከሚዜሙት ከፍ ያለውን ማዕርግ ይዟል። መጽሐፍ ሲቀበርና ሲቃጠል በቃል የተያዘ ግጥም አይቃጠልምና፣ መንዙማ በዚያ ዘመን ለማያነበው ሕዝብ መድረሳው ሆነ። ሼህ ጠልሃ በ1936፣ የሾንኬው ሼህ ጀውሀርም በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ።

የውጭ ሊቃውንት ከእኛ ቀድመው ነገሩን ልብ አሉት። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1926 የሐበሻ እስላሞችን የአማርኛ መዝሙራት አሳተመ፤ ከእርሱ በኋላ ሆላንዳዊው ድሬውስ የእጅ ጽሑፎቹን እየሰበሰበ ብዙ ደከመ። ከአገራችን ሰው ግን ይህን ታሪክ ከመሠረቱ የቆፈሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ መምህር ሁሴን አህመድ ናቸው። ስለ ሼህ ጠልሃና ስለ ሼህ ጀውሀር ለየብቻ ጽፈው፣ በ2001 በ19ኛው መቶ ዓመት በወሎ ስለ ነበረው እስልምና ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም ተወዳዳሪ የለውም። በ2009 በሞት ተለዩን።

በ1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መውሊድ ከሌሎቹ የእስልምና በዓላት ጋር በአገሪቱ የዕረፍት ቀን ሆኖ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ መንዙማ በካሴት ተቀድቶ ከሐድራው ወደ አውቶቡስና ወደ ሻይ ቤት ወጣ፤ የሼህ መሐመድ አወል ድምፅም ክርስቲያን እስላም ሳይል በየቤቱ ተሰማ። በዚያው ዘመን ደግሞ ከሙስሊሙ ወገን፣ ወሊ ማወደስና ከበሮ መምታት ከሃይማኖቱ ጥራት ውጭ ነው የሚል ጽኑ ተግሣጽ ተነሣ። ተግሣጹ የዘቢዱ ፉቀሃእ በኢስማዒል አልጀበርቲ ላይ ካነሡት ሙግት ጋር የሚመሳሰል ነውና አዲስ አይደለም፤ ሙግቱን መፍረድም የሃይማኖቱ ሊቃውንት ሥራ ነው። ነገር ግን በክርክሩ ምክንያት ወጣቱ የአያቱን ቅጠል እንደማያስፈልግ ነገር ሲተወው ማየት የቅኔ ወዳጅን ሁሉ ሊያሳዝነው ይገባል።

ከዚህም የከፋ ነገር መጥቷል። በ2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አጣዬና በዙሪያዋ ያሉት መንደሮች በግጭት ተቃጥለዋል፤ ሰው ሞቷል፤ ቤት ከነዕቃው አመድ ሆኗል። ዐጀሚ ቅጠል የሚቀመጠው በሣጥን ውስጥ፣ በጣሪያ ሥር፣ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ቤት ሲቃጠል ከሁሉ ቀድሞ የሚነደውም እርሱ ነው።

ስለዚህ በይፋትና በወሎ፣ በከሚሴና በሾንኬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ከአያትህ የቀረ የዐረብኛ ፊደል ያለበት ወረቀት ቢኖር፣ ማንበብ ባትችልም እንኳ አትጣለው። የሚያነብ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ አስነብበው፤ ድምፁን ቅዳ፤ ቅጠሉን ፎቶ አንሣ፤ ቅጂውንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም በአቅራቢያህ ባለ ዩኒቨርሲቲ አስቀምጥ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን የምታስተምሩ መምህራንም የሼህ ጠልሃን ስም ከቅኔ ሊቃውንቱ ስም ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ጥሩ።